የረቡዕ እዝን

ዘርፈሽ የድስቱን ክዳን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ከደነችው። ሥጋ ነው። በረቡዕ ቀን፣ በእህቷ ለቅሶ ቤት፣ ሥጋ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ መልሱት» አለች። «እህቴን ከእናቷ ሃይማኖት አስኮበለላችኋት። አሁን ደግሞ በቀብሯ ማግሥት እኔን ልታስገድፉኝ መጣችሁ?»

እዝኑን ያመጡት ሟቿ ህሊና ትጸልይበት የነበረው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። በር ላይ ተገትረው ቀሩ። ጠባቧ የካላክላ ሰፈር ግቢ ውስጥ የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች ተጠቃቀሱ። ብርቅነሽ የምትባለው ጎረቤት ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ፣ ጴንጤ ምን ጾም ያውቃል አለች። ዘርፈሽ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ከባሕሪ ሰፈር ድልድዩን ተሻግራ ከመጣች ጀምሮ ደግፎ ያቆማት ንዴቷ ብቻ ነበር።

እህትማማቾቹ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ህሊና በዚሁ በስደት ከተማቸው፣ አል-ማንሺያ ሰፈር፣ በሰው ቤት ስትሠራ ታይፎይድ ያዛትና አሠሪዋ ከነጓዟ አውጥታ ጣለቻት። ዘርፈሽ ራሷ ሰው ቤት አዳሪ ስለነበረች የምታስጠጋበት ቦታ አልነበራትም። ያነሷት እነዚህ ሴቶች ናቸው። አስታመሟት፣ ቤት ተከራዩላት፣ ድና ስትነሣም ከእነሱው ጋር ቀረች። ከዚያ ወዲያ የታመመ የአገር ልጅ አለ ከተባለ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ ምግብ ይዛ የምትሮጠው እሷ ሆነች። ዘርፈሽ ግን «በሾርባ ገዟት» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም።

ከሴቶቹ ትልቋ እትዬ በቀለች ድስቱን ሊያነሡ ጎንበስ ብለው ተዉት።

«ማዓሌሽ፣ ይቅር በይን፣ ዘርፌ። ክፋት አይደለም» አሉ። «ረቡዕና ዓርብን የምታስታውሰን ህሊና ነበረች። ለጾመኛ በሽተኛ ሽሮውን ለብቻ ትሠራለች፤ ሥጋ የነካ ማማሰያ አታስቀርብም። ‹ታማሚዋ እህቴ ብትሆንስ?› ትለን ነበር። ዛሬ የሚነግረን አጣን።»

ብርቅነሽ መሬት መሬቱን አየች፤ ሆስፒታል ተኝታ ያንን ሽሮ የበላች ነበረች።

ዘርፈሽን እህቷ ናፈቀቻት፤ መሞቷም ገና ያን ጊዜ ገባት። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። ተነሥታ የእጅ ማስታጠቢያውን አመጣች።

«ይቀመጡ» አለች ፊቷን እንዳጠቆረች። «እኔ አልበላም። እርስዎ ግን ሳይቀምሱ አይሄዱም።»

እትዬ በቀለች እጃቸውን ዘረጉ። ዘርፈሽ ውሃውን ታፈስላቸው ጀመር። እጃቸው ጠርቶም ማፍሰሷን አላቆመችም፤ እሳቸውም አልሰበሰቡም።