የፈንታሁን ድርሻ

ልጇ የጠፋባት እናት በምን አፏ ተመስገን ትላለች? ከኖርዌይ ትምህርቷን ጨርሳ ደብረ ታቦር የተመለሰችው ሕይወት መልሱን አላገኘችም። ወንድሟ ፈንታሁን አንበሳሜ ገበያ ብሎ እንደወጣ ከቀረ ሰባት ወር አልፎታል፤ እናቷ ትርንጎ ግን የሚካኤል ማኅበር ተራዋ ደርሶ ጠላ ጠምቃ ቤቱን በሰው ሞልታዋለች።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አያ ዳኛቸው፣ «ተራሽን ለሌላ እናሳልፍልሽ ብለን ነበር እኮ» አሏት።

«ምነው፣ ሚካኤልም ጠፋ?» አለች ትርንጎ። ሰዎቹ ሳቁ።

ሕይወት አልሳቀችም። «እማዬ፣ ለምኑ ነው የምታመሰግኚው?»

«ከልጄ ጋር ሃያ አራት ዓመት ስለሰጠኝ ነዋ! ያንን ማንም አይወስድብኝም። የሰባቱን ወር ነገር ግን ከፈጣሪዬ ጋር ገና እንሟገትበታለን።»

ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ በማኅበሩ ደንብ ለቀረ ሰው ድርሻው ይቀመጣል። ትርንጎ የልጇን ቁራሽ አንስታ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው።

«በይ ጻፊለት፤ ድርሻህ ተቀምጧል በይው።»

ሕይወት ስልኳን አወጣች። «ፈንታ፣ ድርሻህ ተቀምጧል። ቢደርቅ ሌላ እናስቀምጥልሃለን» ብላ ላከች። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ያዘዛት ማንም አልነበረም።

ማኅበርተኞቹ መርቀው እስኪወጡ ስልኩን በእጇ እንደያዘች ቆየች። መልስ አልመጣም፤ በማግሥቱም አልመጣም።