ከሳጥኑ ሆድ ሥር ያለችው ማዞሪያ

ኦርጋኑን የሠራችው ታላቅየዋ ናት። የምትጫወተው ግን ታናሽየዋ እንድትሆን ተወሰነ።

የወሰኑት ጋሼ ናቸው፤ ቼሎ የሚጫወቱት፣ የቡድኑ አለቃ። «አንቺማ ወደ ኦርጋኑ ከሄድሽ ፍሉቱን ማን ይነፋልናል?» አሏት። እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ ነው ያናደዳት።

ቡድኑ ትንሽ ነው። ቼሎ፣ ሁለት ቫዮሊን፣ የእሷ ፍሉት። ከሥር የሚደግፍ ድምፅ ሲያምራቸው ኖሯል፤ የሚሸጠው ኦርጋን ግን ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሬዲዮ የምትጠግንበት ሱቋ ውስጥ ከሁለት የተሰባበረ ኪቦርድ ደህና ደህናውን ቁልፍ ለቀመች፣ የአሮጌ ኮምፒውተር አንጀት ከተተችበት፣ በኮምፖንሳቶ ሳጥን አለበሰችው። ሁለት ሰው ይሸከመዋል፣ በማንኛውም በር ይገባል። ቫዮሊኖቹን እንዳይውጣቸው ድምፁን ሆን ብላ አለዘበችው። ጣቷ በብየዳ ያልተቃጠለበት ቦታ የለም። ከዚያ ታናሽ እህቷ ሚጣ መጥታ ተቀመጠችበትና፣ ገና ከመጀመሪያው መስመር ሁሉም አፉን ከፈተ።

«ይሄማ እጅ አይደለም» አለ አንደኛው ባለቫዮሊን።

«የማንን ሳጥን እየነካች መሰለህ?» አለች ታላቅየዋ።

ሳቁ። እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። ከልጅነታቸው እንዲህ ነው። ቀሚሱን እሷ ትሰፋለች፣ የሚያምረው ሚጣ ላይ ነው።

የኮንሰርቱ ዕለት ከሁሉም ቀድማ አዳራሹ ደረሰች። ከሳጥኑ ሆድ ሥር ራሷ የገጠመቻት ማዞሪያ አለች፤ የኦርጋኑን ቅኝት ከፍ ዝቅ የምታደርግ። ከእሷ በቀር የሚያውቃት ያለ አልመሰላትም። ወደ ላይ አዞረቻት። ትንሽ፣ ጆሮ የሚኮረኩር ያህል። ሚጣ ብቻዋን ከሌላው ወጣ ብላ ትሰማለች። አንድ ቀን እሷም ትፈር።

ድሮም ሲቃኙ መነሻዋን ድምፅ፣ «ላ»ን፣ የሚወስዱት ከእሷ ፍሉት ነው። ልምምድ ላይም እንደዚያው ነበር። ዛሬም፣ ሰው ሳይገባ አንዴ ሊሞክሩ ሲቀመጡ፣ ፍሉቷን አነሳች። ጋሼ ግን ወደ ኦርጋኑ ዞሩ።

«ሚጣዬ፣ ላ ስጪን።»

«ከኔ አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«ዛሬ ሰው ፊት ነን ልጄ። ኦርጋን ባለበት ከኦርጋን ነው።»

ሚጣ ነካችው። ቫዮሊኖቹ ክራቸውን ጠበቅ አደረጉ። ቼሎውም። ማንም ልዩነቱን ልብ አላለም፤ ክር እንደሆነ ሲያጠብቁት ይወጣል። ፍሉት ግን አፍ የሚያርፍበት ጫፉ ሲሳብ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲገፋ ይወጣል፣ ገደብም አለው። እስከ መጨረሻው ገፋችው። የሚገፋ አልቀረም።

ጀመሩ። አራቱ እንደ አንድ ሰው ሆኑ። አንድ ድምፅ ብቻ ወረድ ብሎ ይጎተታል። የእሷ።

«አሞሻል እንዴ ዛሬ?» አለ ባለቫዮሊኑ።

ጋሼ ደጋናቸውን አወረዱ። ሚጣ ጎንበስ አለች። እጇ ከሳጥኑ ሥር ገባ፣ ዳበሰ፣ ቆመ። ቀና ብላ እህቷን አየቻት። ለካ ታውቃለች። ሲሠራ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስታይ አልነበር?

«ማሽኑ ሞቆ ነው» አለች ሚጣ። «ሲሞቅ ከፍ ይላል። እትዬ ምንም አላጠፋችም።»

«የርካሽ ነገር» አለ ባለቫዮሊኑ።

ታላቅየዋ ዝም ብትል አለቀ። ጥፋቱ የኦርጋኑ፣ እሷ ነፃ። ሳጥኑን አየችው። ጥግ ጥጉን በአሸዋ ወረቀት የፈተገችውን።

«አይሞቅም» አለች።

«ምኑ?»

«ኦርጋኔ። ቢሞቅም ቢበርድም ቅኝቱ ንቅንቅ አይልም። እኔ ነኝ ያዞርኩት።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን?»

«ቀናሁ።»

ባለቫዮሊኑ ቫዮሊኑን ከትከሻው አወረደ።

ሚጣ እጇን ከማዞሪያዋ አላነሳችም። «ንፊ እትዬ፣ ላ» አለች። «እኔ እከተልሻለሁ።»

ፍሉቷን ወደ ቀድሞ ቦታዋ ስባ ነፋች። ኦርጋኑ ወረደ፣ ወረደ፣ መጥቶ ልክ ፍሉቷ ላይ ቆመ። በአንድ ሙከራ። እሷ እዚያ ቦታ ለማቆም ስንት ምሽት ታግላለች።

ጆሮም አላት ደግሞ፣ አለች በሆዷ፣ ትንፋሿን ሳታቋርጥ።