የማዶ ገደል አሞሮች

የጎንደር ሰው ወፍ ለማየት ብሎ ኮሶዬ ድረስ ይመጣል ቢሏት ሐረገወይን ራሷ ትስቅ ነበር። ወፍ በየጓሮው ሞልቶ፣ ጤነኛ ሰው ቁራ ሊያይ በውርጭ ከአልጋው ይነሣል? በፈረንጅ ያምራል። ፈረንጅ አንገቱን ሰቅሎ ቢውል ጥናት ነው፤ የእኛ ሰው አንገቱን ሰቅሎ ከዋለ ግን ዘመድ ተሰብስቦ ጸበል ይወስደዋል።

ነገር ግን አገሩ ከታመሰ፣ መንገዱም ካስፈራ ወዲህ ፈረንጅ ቀረ። ሐረገወይን አስጎብኚ ነበረች። ከዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ የቀሯት በሦስት እግር የምትቆም አንዲት ትልቅ መነጽርና ገደሉ ላይ የሚኖሩት ጥንድ አሞሮች ናቸው። ደረታቸው የዛገ ብረት ይመስላል፤ ከምንቃራቸው ሥር ጺም አላቸው፤ አጥንት ይዘው ወደ ሰማይ ይወጡና ድንጋይ ላይ ለቀው ይሰብሩታል። በዚህም አጥንት ሰባሪ ትላቸዋለች። ሰው ሁሉ ሲሄድ እነሱ አልሄዱባትም፤ ስለዚህ ትወዳቸዋለች። አምና እንቁላላቸው ከሽፎ አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ነበር፤ ማንን እንዳኮረፈች ግን እሷም አታውቅም። ዘንድሮ አንዲት ጫጩት ፈለፈሉ። ጫጩቷም ክንፍ አውጥታ፣ ጎጆዋ አፋፍ ላይ ቆማ ማራገብ ጀምራለች። ሐረገወይን ከእግዜር የምትለምነው ይህች ጫጩት ስትበር ማየት ብቻ ነበር።

ዘዴው የመጣላት በዓቢይ ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ የከተማው ሰው ዘፈኑን ትቶ በገና ፍለጋ ይዞራል። እንግዲያው ቅዳሜና እሑድን ኮሶዬ፤ ጧት የወፍ ትምህርት፣ ከሰዓት በገና። ለወፍ ያልመጣ ለበገና ይመጣል፤ ለበገና የመጣም ወፏን ሳያይ አይመለስም። ደርዳሪው አያ ማንያዘዋል ናቸው። ከገደሉ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ በገና ሲደረድሩ የሰማቸው ሰው ከተጣላው ጋር ሳይታረቅ አያድርም ይባልላቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከጎንደር በሚኒባስ መጡ። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ እንኳየሁ ለወፉ ነበር የመጡት፤ ነርሷ ፅዮን ደግሞ ለበገናው። ፅዮን ቀይ ጃኬት ለብሳ ብትወርድ የእንግዳ ማረፊያው ዘበኛ አለበል ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ደረበላት።

«ወፎቹ እንዳይደነግጡ ነው?» አለችው እየሳቀች።

«ለወፉ እንኳ አይደለም እቴ። ለሌላው ነው» አላት፤ ጠመንጃውን ወደ ሌላኛው ትከሻ እያዛወረ።

ሐረገወይን መነጽሯን ገደሉ አፋፍ ላይ ተከለች። እናትየው ከጫጩቷ አጠገብ ቆማለች፤ አባትየው ከገደሉ በላይ አየሩን ይቀዝፋል። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ አዩ። ጋሽ እንኳየሁ «ጺም! እውነትም ጺም አለው!» ብለው የራሳቸውን ጺም ዳሰሱ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ዛሬ ስታበላ፣ ሲያበላ ሁሉ ታያላችሁ» አለች ሐረገወይን። ደስታዋ አፏን ከፈተው። መነጽሯን ወደ ማዶ አዞረችና ከአያ ማንያዘዋል ቤት በታች፣ ገደሉ ጠርዝ ላይ የተጣለ በድን አየች። «ይኸው፣ ምሳውም ተሰናድቷል። መጀመሪያ ቁራና ጥንብ አንሳ ሥጋውን ይበላሉ። የእኛው ጨዋ ነው፤ ሁሉም ከጠገበ በኋላ መጥቶ አጥንቱን ያነሣል።»

እንዲህ እያለች ደግማ አየች። ቁራዎቹ በበድኑ ዙሪያ ተኝተዋል። አንድ ጥንብ አንሳ ክንፉን መሬት ላይ ዘርግቶ ለመነሣት ይሞክራል፤ ይወድቃል፤ ይሞክራል። ቁራ ጠግቦ እንደማይተኛ ታውቃለች።

በዚህ መሐል አያ ማንያዘዋል በገናቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ በጀርባቸው አዝለው ከዳገቱ ብቅ አሉ። ጎሕ ሳይቀድ ነበር ከቤት የወጡት። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ፣

«በቅሎዬን በላብኝ!» አሉ። «ያችን ሸጋ በቅሎ! ትናንት ሌሊት ጅብ ገብቶ ግማሿን በልቶ ሄደ። ጅብ እንደሆነ የጀመረውን ሳይጨርስ አይተውም፤ ዛሬ ማታ ይመለሳል። እኔም አልተኛሁለትም። የነቀዙን መድኃኒት በሥጋዋ ላይ አፍስሼ ገደሉ ጫፍ ጎትቼ ጣልኩለት። ይብላ እስቲ!»

«እሰይ! ደግ አደረጉ!» አሉ ተማሪዎቹ። በቅሎ ማጣት ምን እንደሆነ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለምና ፍርዱ ለሁሉም ትክክል ነበር።

«ጅብ የሚመጣው ማታ ነው፣ አያ» አለች ሐረገወይን። «አሞራ ግን ጧት ይመጣል።»

ሽማግሌው አልገባቸውም። እጃቸውን ይዛ መነጽሯ ፊት አቆመቻቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዩ፣ በፊት ፈገግታ የነበረው አፋቸው ቀስ እያለ ተዘጋ።

«እኔ እኮ ለጅቡ ነው ያስቀመጥኩት» አሉ፤ አሞሮቹ ቢሰሟቸው የሚመለሱ ይመስል።

ሐረገወይን ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣዋ ግን የሚያርፍበት አጣ። በቅሎዋ የእህሉ፣ የውሃው፣ የቤቱ እግር ነበረች። ሐረገወይን ደግሞ ለከተማ ሰው ስለ አሞራ ስታወራ አንድ ቀን ገደሉን ተሻግራ ለማዶ ሰው አንዲት ቃል አልተናገረችም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነባት።

ጋሽ እንኳየሁ ስልካቸውን አወጡ፤ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ አለበልን አዩት።

«አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ብትለቅ አሞሮቹ ይበተኑ የለም?»

አለበል ጠመንጃውን አቀፈው። «ይበተናሉ፣ ጋሼ። ግን ማን ነው የተኮሰ ብሎ የሚመጣውን ማን ይበትንልኛል? ከወዲህ ቢመጣ ወዲያ ነህ ይለኛል፤ ከወዲያ ቢመጣ ወዲህ። እናንተስ እዚህ አይደላችሁ?» ፅዮን ጋቢውን ወደ አንገቷ ሳብ አደረገች።

«እጣራለሁ» አሉ አያ ማንያዘዋል። «ብርነሽ ቤት ናት። ትሰማለች።»

ብርነሽ ሚስታቸው ናት። በዚያ አገር ከገደል ገደል መጣራት የኖረ ነው፤ ሞትም ሠርግም የሚነገረው በጩኸት ነበር። ሰምቶ ያልወጣ ሰው ደግሞ እንደ ሰው አይቆጠርም። ሽማግሌው እጃቸውን አፋቸው ላይ ክብ አድርገው «ብርነሽ ሆይ! በድኑን ቅበሪው!» ብለው ጮኹ። ተማሪዎቹም አብረው ጮኹ። ጩኸቱ ገደሉን ሞልቶ ማዶ ሲደርስ ቃል መሆኑ ቀርቶ ጩኸት ብቻ ነበር።

ብርነሽ ከቤት ወጣች። ሐረገወይን በመነጽሯ ታያታለች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ እነሱ አቅጣጫ ተመለከተች። «ወጣች! ይጩኹ፣ ይጩኹ!» አለቻቸው። እሳቸውም ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ። ብርነሽ ግልገሎቹን አዋክባ ወደ ቤት አስገባች፤ ራሷም ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

«ምነው? ምነው ገባች?» አለ አለበል።

አያ ማንያዘዋል እጃቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «እኔ ነኝ ያልኳት» አሉ። «ጩኸት ከሰማሽ በር ዝጊና አትውጪ ብያታለሁ። ዘመኑ ነው።»

አለበል ጠመንጃውን ለጋሽ እንኳየሁ አስታቀፈና ቁልቁለቱን ወረደው። ወንዙን ተሻግሮ ማዶ እስኪወጣ ፀሐይ አናት ላይ እንደምትደርስ ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ማንም አትሂድ አላለውም። እየሮጠ ሲያንስ፣ ሲያንስ አዩት።

አባትየው አሞራ ደግሞ ዝቅ ዝቅ አለ። ሐረገወይን «አይ፣ አይ፣ አይሆንም» ትላለች ለራሷ። ከበድኑ ትንሽ ራቅ ብሎ አረፈ። የወደቁትን ቁራዎች አየ፤ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዘነበለ። ትንሽ ቢፈራ፣ ምናለ ትንሽ ቢፈራ! ጨዋ ነው ያለችው እሷው ናት፤ ሁሉም እስኪጨርስ የሚጠብቅ፣ አሁን ሁሉም ጨርሷል። ወደ በድኑ ተራመደ፤ ሥጋ ያልተለየው የጎድን አጥንት ነቅሎ በእግሩ ያዘ። ክንፉን ዘረጋ።

ገደሉን አቋርጦ፣ ከአለበል አናት በላይ አልፎ ወደ ጎጆው መጣ። ሲያልፍ የክንፉን ድምፅ ሁሉም ሰሙት። ይህን ድምፅ ለመስማት ነበር የመጡት።

«ለመርዝ ወተት ሸጋ ነው» አሉ አያ ማንያዘዋል ድንገት። ገደል ላይ ላለች ጫጩት ማን ወተት እንደሚያጠጣት የጠየቃቸው አልነበረም። የሳቀም አልነበረም።

ፅዮን አጠገባቸው ተቀመጠች። ሰው ሲታመም ቢያንስ እጁን መያዝ የለመደች ናት፤ እዚህ የሚያዝ እጅ አጥታ የእሳቸውን ያዘች። «በገናውን ያንሡት እስቲ፣ አባቴ። ሌላ ምን አለን?» አለቻቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ከእጇ አላቀቁና ነጠላቸው ላይ አብሰው አብሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ይህ እጅ መድኃኒቱን ነክቷል። በዚህ እጅ በገና አይነካም» አሉ። አለቀሱ፤ ለመደበቅም አልሞከሩም።

ጫጩቷ አባቷን ስታይ ክንፏን እያርገበገበች፣ አፏን ከፍታ ተቀበለችው። እናትየው ከአጥንቱ ላይ ሥጋውን በቁራጭ በቁራጭ እየቆነጠረች ታጎርሳት ጀመር፤ በመሐል ለራሷም። ጋሽ እንኳየሁ ቀና ብለው ሐረገወይንን አዩና ተራቸውን ሳይጠይቁ ወደ ኋላ ራቁ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ከአፋፉ ሸሹ። ወደ ሚኒባሱ የሄደ አለ፤ ሣር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ አለ።

ሐረገወይን ብቻ ከመነጽሯ አልተነሣችም። ወገቧ ደነዘዘ፤ ዓይኗ እንባ እየሞላ ጎጆውን ያደበዝዝባታል፤ በእጇ ጀርባ ትጠርግና መልሳ ታያለች። ጫጩቷ ጠገበችና ደረቷን ለፀሐይ ሰጥታ ተቀመጠች። እናትና አባት ግራና ቀኝ ቆሙላት። ፅዮን መጥታ ትከሻዋን ነካች።

«በቃሽ፣ እታለም። ማየቱ ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም» አለች ሐረገወይን።

ዓይኗንም አላነሣችም። ካነሣች ብቻቸውን የሚሞቱ መሰላት።