ሻምበል ጣሪያ ማየት ጀመረ

ጓደኛዬ ሙቢና አርቦዬ ከተማ ከነበረ የዘመድ ሠርግ ተመልሳ እባቧን ልትወስድ ስትመጣ፣ ሻምበል በጀርባው ተንጋሎ የቤታችንን ጣሪያ ያይ ነበር።

“ምን እያደረገ ነው?” አለች። ሻንጣዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

“እያረፈ ነው” አልኳት።

እባብ በጀርባው እንደማያርፍ ታውቃለች፤ የባዮሎጂ መምህርት ናት። እኔም አውቃለሁ፤ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እጇን ሣጥኑ ውስጥ ከትታ በሆዱ ገለበጠችው። ራሱን ቀና አደረገ፣ ተወዛወዘ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ጀርባውን እስኪነካ ተቆለመመና ተመልሶ ተንጋለለ።

ሻምበል መርዝ የለውም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከዴራ ቆላ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞላት የመጣ፣ ከእርሳስ የማይበልጥ ቡናማ ነገር ነበር። ፎርማሊን ውስጥ ነክራ ልታስተምርበት አስባ “ዓይን ዓይኔን አየኝ” ብላ ተወችው። ከዚያ ወዲህ በአሮጌ የዓሣ መስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከስልሳ ሻማ አምፖል ሥር ይኖራል። ቀን ሙሉ ተኝቶ ሲመሽ ግዛቱን ስለሚዞር ሻምበል ያልነው እኔና እሷ ነን።

ለሠርጉ ስትሄድ ለሁለት ሳምንት አደራ ብላ ሰጠችኝ። ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ መብራት ጠፋ። የአሰላ ብርድ ለሰውም አያዝን፤ ሣጥኑን ከማድቤት በአንድ ግድግዳ ብቻ ወደሚለየው ዕቃ ቤት አዛወርኩት። እዚያ አጎቴ ከጢቾ የላከልን ስድስት ኩንታል ስንዴ ተደርድሯል። ሙቀት አለ፣ አይጥም አለ፤ ለሻምበል ሆቴል ነው።

ቅዳሜ እናቴ ወይዘሮ ተሻለች ስንዴው ውስጥ ነቀዝ አየች። የነቀዝ ማጥፊያ ዱቄት ገዝቼ መጣሁ፣ ጆንያዎቹን ፈታሁ፣ በባዶ እጄ እየበተንኩ አገላበጥኩት። ክፍሉ ጉም የገባበት መሰለ። የሻምበል ሣጥን ክዳን ወንፊት ነው። ስጨርስ፣ በዚያው እጄ ውኃውን ቀየርኩለት።

ከወር በፊት በቆጂ ላይ ለሃምሳ አርሶ አደሮች የፀረ ተባይ ኬሚካል ጥንቃቄ ሥልጠና የሰጠሁት እኔ ነኝ። ባነር ነበረው፣ አበልም ነበረው። አንድ አዛውንት ተነሥተው “ዶክተር፣ እርስዎ ራስዎ ጓንት ያደርጋሉ?” ሲሉኝ “በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው” ብዬ ሁሉንም ወደ ሻይ ዕረፍት ሸኘኋቸው።

እሑድ ጠዋት ሻምበል ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ነው ብዬ ራሴን ያሳመንኩት እስከ ምሳ ድረስ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ሣጥኑን በሳሙና አጠብኩ። የዱቄቱ ማርከሻ መድኃኒት መሥሪያ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ግን ለማን ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ? ለእባብ ነው ብል ለአንድ ዓመት መሳቂያ ልሆን ነው። አልጠየቅኩም። ሐሙስ ሙቢና መጣች።

“የነርቭ ችግር ነው” አልኳት ያን ቀን፣ ለገበሬ በማወራበት ድምፅ።

“ከየት መጣበት?”

“አንዳንዴ ከዘር ነው። ይዞት ይወለድና እያደር ይወጣል።”

መስታወቱን በጣቷ ነካች። “ወይስ ከቆላ አውጥቼ ብርድ ላይ ስላኖርኩት ነው?”

እዚህ ላይ “አይደለም” ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። እኔ ግን “ብርድም ያባብሰዋል” አልኩ። እንባዋ መጣ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አግብታ ወደ አዳማ ትሄዳለች። እጮኛዋ ሊበን ሻምበልን ጤነኛ ሳለ እንኳ የተቀበለው ሽማግሌ ሊላክበት ጥቂት ሲቀረው፣ በስንት ልመና ነው። አሁን ደግሞ አይጥ ሲወረውሩለት ስቶ መስታወቱን የሚነክስ፣ በእጅ ካልጎረሰ የማይበላ ሆኗል።

“ማሎ፣ እባክህ እንደሻው፣ እውነቱን ንገረኝ” አለች። “እየተሠቃየ ከሆነ መርፌ ውጋውና ይረፍ። ካልሆነ አንተ ውሰደው። አንተ ጋ ከሆነ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል። አስብበት።”

እስከዚያው ሻምበልን እኔው ጋ ትታው ሄደች። አሰብኩበት። ያሰብኩትን ብናገር ደስ አይልም። መርፌው ሁሉንም ነገር ይጨርሳል፤ ጓሮ አንድ ክንድ ጉድጓድ፣ ከዚያ ማን ይመረምራል? “ለእሱም ይሻለዋል” የሚል ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅቶ አፌ ላይ ነበር። ግን ምግብ ይፈልጋል፣ ይሞቀው ዘንድ ወደ አምፖሉ ይሳባል፤ እየተንገዳገደም ቢሆን ይደርሳል። ሰበብ የሚፈልገው እኔ እንጂ እሱ አልነበረም።

እናቴ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ አትገባም።

“ጊዮርጊስ በጦር የወጋውን አንተ በመርፌ ለመውጋት ትፈራለህ?”

“እሱ ዘንዶ ነው እማዬ።”

“ይሄስ ሲያድግ?” ነጠላዋን አስተካከለች። “ለልጅቷ ምን አልካት?”

“ከዘር ነው አልኳት።”

“ከማን ዘር?” አለች። “እኔ ስንዴው ላይ በትን አልኩህ እንጂ እሱ ላይ በትን አላልኩህም። ብርድ አስመታሁት እያለች ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ? መናገር ካቃተህ እኔ እነግራታለሁ።”

“ልወስደው ነው” አልኳት። “አሳድገዋለሁ።”

“መውሰድ ሌላ፣ መናገር ሌላ።”

ለእኔ ግን አንድ መስሎኝ ነበር። ለሙቢና ደወልኩና እወስደዋለሁ አልኳት። ዕድሜ ልኬን እቀልበዋለሁ፣ ሒሳቡ በዚያ ይዘጋል ብዬ።

ከዚያ ሐሙስ ሳምንት አልፎ፣ እሑድ በባጃጅ መጣች። መለዋወጫ አምፖል፣ ወረንጦ፣ ሻምበል የሚጠቀለልበት የሸክላ ስባሪ፣ በላዩ ላይ አክስቷ ወይዘሮ ዙቤዳ የላኩልኝ አንድ ገንቦ ማር።

“አክስቴ ‘ለእባብ የሚያዝን ሰው ለሚስቱ እንዴት ይሆን’ አለች” ብላ ሳቀች። “ልታጭልህ ነው፤ ተጠንቀቅ።”

ማሩን ተቀበልኩ። ከበደኝ።

“ወላሂ እንደሻው፣ ከዚህ ግቢ ውጭ ለማንም አልሰጠውም ነበር።” ከዚያ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለች። ሻምበል እንደልማዱ ተንጋሎ ነበር። “ይቅር በለኝ እሺ? ብርድ ላይ ያመጣሁህ እኔ ነኝ።”

“ሙቢ” አልኩ። “ብርዱ አይደለም።”

ቀና አለች።

ነገርኳት። ስንዴውን፣ ዱቄቱን፣ እጄን፣ ውኃውን። መደርደሪያ ላይ ስለቀረው መድኃኒትም ነገርኳት። ይቺን እንኳ ልዘላት ነበር፤ ግን ከጀመርኩ በኋላ የቱ ጋ እንደሚቆም ጠፋኝ።

“መቼ አወቅክ?”

“የዚያን እሑድ።”

“እኔ የመጣሁት ሐሙስ ነው።”

“አዎ።”

“አሥር ቀን” አለች በቀስታ። “አሥር ቀን ሙሉ ጠዋት ስነሣ እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ነው የምነሣው።”

“አልሞተም።”

“ዝም በል።”

ሣጥኑን በሁለት እጇ አንሥታ እስከ በሩ ሄደች። ባለባጃጁ ዕቃ ሊቀበል ወርዶ፣ ውስጡ ያለውን ሲያይ ተመልሶ መሪው ላይ ተቀመጠ። ሙቢና ደፉ ላይ ቆመች። አዳማ፣ ሊበን፣ የአማቶቿ ቤት፣ ሁሉም ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁ። ከዚያ ተመልሳ ሣጥኑን ቦታው ላይ አስቀመጠችው።

“የምወስድበት ቢኖረኝ እወስደው ነበር” አለች። “ይቺን እወቅ።”

ማሩን ለመመለስ ገንቦውን ስዘረጋላት እጇን አልሰጠችኝም። ሠርጓ ላይ አልተጠራሁም፤ እናቴ ተጠርታ ሄደች።

አሁን አራት ወር ሆኗል። ሻምበል መኝታ ቤቴ ነው። የስንዴው ክፍል በቁልፍ ተዘግቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሙቢና በስልክ መልእክት እጽፍላታለሁ። እንድጽፍላት አልጠየቀችኝም። “ዛሬ አልበላም።” “ዛሬ ግማሽ በልቶ ተፋው።” “ሁለት ጊዜ ተገለበጠ፣ አንድ ጊዜ ራሱ ተመለሰ።” ታነባለች። አትመልስም።

ያለፈው ቅዳሜ አይጡን በወረንጦ ያዝኩለት። ዘለለ፣ ሳተ፣ መስታወቱን መታ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። አፍንጫው ደም አወጣ። ግራ እጄን ከአንገቱ በታች አስገብቼ ራሱን ደገፍኩለት። ሲንቀጠቀጥ መዳፌ ላይ ይሰማኛል። አይጡን አፉ ድረስ አመጣሁለትና ያዘው። ውጦ እስኪጨርስ ሃያ ደቂቃ እጄን አላነሣሁም።

“በላ?” አለች እናቴ ከበሩ ውጭ።

“በላ።”

ስልኬን አወጣሁ። “በላ፤ በእጄ ደግፌው ሃያ ደቂቃ” ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው፣ ማን እንዲያመሰግነኝ እንደፈለግኩ ገባኝ። ከ“በላ” በኋላ ያለውን ሁሉ አጠፋሁና ላክሁት።