የሐምዱ ጉርሻ

ሐምዱ ሚስቱን የሚወዳት በእጁ ነበር። ሉማሜ መንገድ ዳር ካለችው የጨርቃ ጨርቅ ሱቁ ባዶ እጁን ቤት አይገባም፤ ማዕድ ሲቀርብም ቢልቂስን ሳያጎርስ ወደ አፉ የሚልከው ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ቀን፣ "ጨጓራዬን ልቆረጥ ነው" ስትለው እጁ ላይ የያዘውን ብርጭቆ ማስቀመጫ አጣለት።

"ማነው ወፈርሽ ያለሽ?"

"ስኳሩ። ጉልበቴ። ተኝቼ ትንፋሼ ሲቋረጥስ የምትቀሰቅሰኝ አንተው አይደለህ?"

እውነቷን ነበር። ያልሞከረችው አልነበረም፤ በመከራ ትቀንሳለች፣ ዞር ሳትል ይመለስባታል።

አብረው አዲስ አበባ ሄዱ። ዶክተር የኔአለም፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት፣ ሳትቸኩል አስረዳቻቸው። "በትንንሽ ቀዳዳ ገብተን ከጨጓራዎ አብዛኛውን ቆርጠን እናወጣለን። የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ነው። ጥቂት ሲበሉ ይጠግባሉ፤ ረሃቡም ይቀንስልዎታል።"

"ካልተስማማትስ ይመለሳል?" አለ ሐምዱ።

"አይመለስም፤ የወጣው ወጣ። ደግሞ ሁሉንም ልንገራችሁ። አልፎ አልፎ የተሰፋው ቦታ ሊያፈስ ይችላል። ትኩሳት ከመጣ፣ ልብ ከፈጠነ፣ ሕመሙ ወደ ትከሻ ከወጣ ደቂቃ አትጠብቁ። ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። አመጋገብ ካልተለወጠ ክብደቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል። እርዳታ እንጂ ተአምር አይደለም።"

ቢልቂስ ሁሉንም ሰማች። የሐምዱ ጆሮ ግን "ሊያፈስ ይችላል" ላይ ቀረ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሉማሜ ሲመለሱ እሷ መጀመሪያ የተጣራ ሾርባ፣ ቆይቶም እንደ አጥሚት የላመ ምግብ በሻይ ማንኪያ እየቀመሰች ደህና ሆነች። የከሳው ሐምዱ ነበር። እሷ ፊት መብላት አፈረ። ሱቅ ዘግቶ እየመጣ ግንባሯን ይዳስሳል።

"ትኩሳት አለሽ መሰለኝ?"

"ያንተ እጅ ነው የቀዘቀዘው።"

ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ እናቱ ወይዘሮ ኡሙልኸይር ከደብረ ኤልያስ መጡ። የምራታቸው ጉንጭ መጉደሉን ሲያዩ ዕንባቸው መጣ። "ምነው ልጄ? የሰው ልጅ በቤትህ በረሃብ ይለቅ?"

ለእሳቸው ተብሎ ጎረቤት ተጠርቷል፣ በግም ታርዷል። ሁሉም ይበላል፤ ቢልቂስ ትንሿን ሳህኗን ይዛ ጥግ ተቀምጣለች። የሰው ዓይን አንዴ እሷ ላይ፣ አንዴ እሱ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የሐምዱ እጅ ሳያስበው ሥጋ በእንጀራ ጠቀለለ።

"በሞቴ!"

ቢልቂስ አየችው። ከዚያ አማቷን አየች። አፏን ከፈተች።

ብዙም አልቆየ። ደረቷን ይዛ ተነሳች፤ ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች። ምራቋ እየተዝረከረከ፣ ላብ አጥምቋት፣ ደጅ ላይ ተንበርክካ ስታስመልስ አገኛት።

"ያ ረቢ! ተሰፍቶ የነበረው ተቀደደ!"

መኪና ተለምኖ ወደ ደብረ ማርቆስ በረሩ። መንገዱን ሙሉ ሐምዱ የእጇን አንጓ ይዞ የልቧን ምት ያዳምጣል፤ ይፈጥናል፣ የማን እንደሆነ ግን መለየት አቃተው፤ የራሱም ጣት ይመታ ነበርና። ትከሻሽን ያምሻል ወይ ብሎ ሊጠይቃት ፈልጎ መልሷን ፈራ። ገዳይዋ እኔው ነኝ እያለ ለራሱ ደገመው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙን ቀድሞ፣ "ያጎረስኳት እኔ ነኝ" አለ። ሐኪሙ ትኩሳቷን ለካ፣ ሆዷን ዳሰሰ፣ የሚጠጣ ነገር ሰጥቶ ራጅ አስነሳት፤ ለዶክተር የኔአለምም ደወለ። የፈሰሰ ነገር አልነበረም። ጉርሻው ጠባቡ ቦታ ላይ ተቀርቅሮ ነው ያስመለሳት። ቢሆንም እስኪነጋ አድራ እንድትታይ ተደረገ።

ሐምዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ለምን ጎረስሽው?"

"በሞቴ ብለኸኝ፣ እናትህ ፊት እጅህን ልመልስ?"

"ከዛሬ ወዲያ መልሺው።"

"ቅር አይልህም?"

"ይለኛል። አንቺ ግን መልሺው።"

እቤት ለእናቱ ራሱ አስረዳቸው፤ የቀረላት ጨጓራ ምን ያህል እንደሆነ በጣቱ እያሳየ። እናቱ ሰምተው፣ "ይህን እያወቅህ ነው ያጎረስካት?" አሉት።

ከወራት በኋላ የስኳር መድኃኒቷ ተቀነሰላት። ፀጉሯ ሲረግፍ ሐምዱ እንደገና ደነገጠ፤ ያልፋል ተባለ፣ አለፈም። አሁን ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ሱቅ ትውላለች። ሐምዱ ግን አልዳነም። እሷ ትን ካላት ጨርቅ የሚለካበትን ሜትር ጥሎ ዘሎ ይነሳል፤ እሷም ከደንበኛው ፊት ዞር ሳትል፣ "ደህና ነኝ፤ ሽጥ" ትለዋለች።