የአባይነሽ ካርድ

ጎንደር አዲስ ዓለም ጨርቅ የምትሸጠው ሃጂራ ዐብዱልከሪም ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ነው። ዳሌዋ ግን ከከዳት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሱጁድ ወርዳ ግንባሯን መሬት ማስነካት አቅቷት ወንበር ላይ ትሰግዳለች፤ ከሕመሙም ይልቅ እሱ ያንገበግባታል። በ2009 ዓ.ም. መገጣጠሚያ የሚቀይሩ ሐኪሞች ለሁለት ሳምንት ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሲመጡ፣ እንግዲህ ቀኔ ደረሰ አለች።

ከመጡት ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ዳኛው «ሌላ ሕመም አለብዎት?» ሲላት የለም ልትል ነበር። ግን ለሰው ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች የኖረች ሴት ናትና አፈረች።

«ኤች አይ ቪ አለብኝ። ዘጠኝ ዓመት መድኃኒቴን አንድ ቀን አላጓደልኩም» አለችው።

ሐኪሙ አልደነገጠም። «መድኃኒቱ ቫይረሱን ከተቆጣጠረው፣ ከሌላው ሰው እምብዛም አይለዩም። ካልተቆጣጠረው ግን ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ያስገባሁትን ብረት መልሼ ላወጣ እችላለሁ። የቫይረሱ ውጤት ያለበትን የክትትል ካርድዎን ያምጡልኝ። አዲስ ምርመራ ብንልክ ውጤቱ ሳይመጣ እኛ እንሄዳለን።»

 ሃጂራ ግን ጎንደር ላይ እንዳትታይ፣ ገበያ ሄድኩ እያለች መድኃኒቷን የምትወስደው ከከተማው ወጣ ካለው ከትክል ድንጋይ ጤና ጣቢያ ነበር። ይባስ ብሎ መጀመሪያ የሄደች ቀን በድንጋጤ «አባይነሽ» ብላ ተመዝግባለች።

በማግስቱ በከዘራ እየተደገፈች እዚያው ጤና ጣቢያ ደረሰች። በዚያ ወረፋ ማንም ማንንም አያውቅም። ጎረቤትህ አጠገብህ ቢቀመጥ እንኳ ግድግዳውን ታያለህ እንጂ ሰላም አትለውም።

ለቦታው አዲስ የሆነችው ነርስ ሲስተር ፅዮን ካርዱንና መታወቂያውን አስተያየች። «የአባይነሽ ውጤት በጣም ጥሩ ነው፤ ቫይረሱ አይታይም። እርስዎ ግን ሃጂራ ነዎት። ሁለቱም አንድ ሰው ለመሆናቸው የሚፈርም ምስክር አለዎት?»

ሃጂራ ወደ ወረፋው ዞረች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።

«እዚህ አባይነሽ የምባለው እኔ ነኝ። ስሜ ሃጂራ ነው፤ አዲስ ዓለም ጨርቅ እሸጣለሁ። የሚያውቀኝ ካለ ይመስክርልኝ።»

ሁሉም አቀረቀረ። ከጥግ በኩል አያ ክንዱ ተነሡ፤ በየዓመቱ ለሚስታቸው የቀሚስ ጨርቅ ከእሷ የሚገዙ የአርማጭሆ ገበሬ ናቸው። ሱቅ ላይ በዋጋ ሲከራከሩ፣ እዚህ ወረፋ ላይ እንደማይተዋወቁ ሲተላለፉ ዓመታት አልፈዋል።

«አባይነሽ ሲሏት አቤት የምትለው እሷ ናት። ሃጂራም እሷው ናት። እፈርማለሁ» አሉ።

ፈርመው ሲያበቁ በወረፋው ሁሉ ፊት እጃቸውን ዘረጉላት።

«ምነው ሃጂራ፣ እንዴት ከረምሽ?»