አንድ ጊዜ፣ ቁም

መርፌው መጣ፣ ያውና ነርሷ ይዛው መጣች፣ ሺውሊ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። ሁለት ጠብደል ሰዎች ወንድሟን ቱሂንን ድንገተኛ ክፍሉ አልጋ ላይ ይዘውታል፣ ሃያ ዓመት የሞላው ሰውዬ እንደ በግ ተጠፍሮ፣ ያመለጠችው አንዲት እጁ ሆዱን ትመታለች። ጧ። ታርፋለች። ጧ። ኦቲዝም ነው ዶክተር፣ ትላለች እማ የሳሪዋን ጫፍ እየነከሰች፣ ጸባዩ ነው፣ ሲከፋው ራሱን ይመታል፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ይቅርታው ደሞ ለምኑ ነው እማ? ዶክተሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ አስተኙትና ወደ አእምሮ ሆስፒታል ይሂድ፣ አለ በቃ፣ የማያወራ ሰው ሆድ የለውም ማለት ነው?

ጧ። እንዴ። ሲናደድማ ጭንቅላቱን ነው፣ በቡጢ፣ ቶሎ ቶሎ። ይሄ በመዳፍ ነው። አንዴ። የት ነው የምታውቀው ይሄን፣ የት፣ አውቶቡሱ! ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ ቱሂን አብሯት በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ረዳቱ ሾቡጅ ግማሽ አካሉን ውጭ አንጠልጥሎ የአውቶቡሱን ጎን ይመታል፣ አንድ ጊዜ፣ ቁም፣ ሁለት ጊዜ፣ ሂድ፣ ዳካ ከተማ ውስጥ ይሄን የማያውቅ ሾፌር የለም፣ ቱሂንም ቤት ሳህኑን አንዴ ከመታ በቃኝ ነው፣ ሁለቴ ከሆነ ሩዝ ጨምሩ። እና ሆዱን ነው እንዴ ቁም የሚለው? ከትናንት ጀምሮ?

ተናገሪ። ባለፈው ሳምንት በክርክሩ አዳራሹን ያስጨበጨብሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ዶክተር! ትላለች፣ ሆዱን አሞታል፣ እየነገረን ነው። ከያዙት አንደኛው ይስቃል፣ አቤት፣ ዶክተሯ ዩኒፎርም ለብሳ መጣችላችሁ! እማ እጀታዋን ትጎትታለች፣ ዝም በይ፣ አታዋርጂኝ፣ የድሮዋ ሺውሊ አሁን ቁጭ ትል ነበር፣ የኋላ ወንበር፣ ጥግ ይዛ፣ ነርሷ ክንዱን በጥጥ ትጠርጋለች፣ መርፌው ከገባ እጁም ዝም ይላል፣ ከዚያ ማን ይናገርለታል፣ ማን።

የአልጋውን ብረት ትመታለች። አንዴ። ጧ! ክፍሉ ሙሉ ይቆማል። ቱሂንም። ዶክተር እባክዎ፣ የሚመታው ቦታ ላይ አንዴ ይንኩት፣ ከዚያ ይውጉት፣ እኔ ራሴ እይዝልዎታለሁ። ዶክተሩ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ እሺ፣ ዝም እንድትይልኝ ብቻ፣ ሆዱን በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ይጫናል፣ ይለቃል፣ ቱሂን አይጮህም፣ የዶክተሩን እጅ ጀርባ ይመታል። አንዴ። የዶክተሩ ፊት ልውጥ ይላል። ትርፍ አንጀት ነው፣ መርፌውን መልሺው፣ ቀዶ ጥገና ጥሩልኝ፣ ሩጡ!

ይሮጣሉ፣ አልጋውን እየገፉ፣ ማንም ይቅርታ አላለም፣ ይተዉት፣ የቀዶ ጥገናው በር ጋ ሲደርሱ ቱሂን መቃኑን ሙጭጭ፣ ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ፣ ልቀቅ ወንድሜ፣ ልቀቅ የኔ ጌታ፣ ይላል ያ የሳቀው፣ አይለቅም፣ ሁሉም ዞሮ ሺውሊን ያያል፣ አሁን እሷን፣ እሷ ምን ታውቃለች፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ገብቶ ባይወጣስ፣ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ እያለች ልትኖር ነው? የአልጋውን ጎን ትመታለች። ጧ። ጧ።

ቱሂን ይለቃል። በሩ ይዘጋል፣ እማ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ዝርፍጥ ትላለች፣ ሺውሊ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋለች፣ ቱሂን አንዴ እንዳይመታ፣ ከመታም ሁለቴ ይሁን፣ ሁለቴ፣ ሁለቴ